ወንጂ ከቦዲቲ ሲታይ

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከቀን ተግባሬ አንዱ ሒሳብ ለመክፈት የመጣን ሰው ፎቶግራፍ ከባለቤቱ ፊት ጋር ማስተያየት ነው። ባለፈው ዓመት አክስቴ ወደ መስኮቴ መጣች፤ እዚሁ ቦዲቲ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በቆመበት ሰዓት። ያቀበለችኝ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎች ላይ ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ፈገግ በይ» ብሎ ቢለምናት እንቢ ማለቷን እየሳቀች ነገረችኝ። የምትስቀው ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት እንዲሁ ናት። ስትስቅ ነጠላ፤ ነጠላ ከሌለ መዳፍ።

የአክስቴ ጥርሶች ቡናማ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ጥቁር መስመር አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ጫፉ እንደ አሮጌ ሸክላ ተሸራርፏል። ታናሿ፣ እናቴ፣ ግን ነጭ ጥርስ ያላት ሴት ናት። ሁለቱ የአንድ ማኅፀን ልጆች ናቸው፤ አባታቸውም አንድ ነው። አክስቴ በ1959 ዓ.ም. ወንጂ ተወለደች፤ እናቴ በ1969 ዓ.ም. ቦዲቲ። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ ሁለት ውሃ።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ወንጂ የተጻፈ ነገር ጠፍቶ አይደለም ይህን የምጽፈው። ስለ ኩባንያው፣ ስለ ፋብሪካው፣ በቀን ስለሚመረተው ኩንታል ብዙ ተብሏል። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚቆሙት ከጢስ መውጫው ሥር ነው። እኔ የቆምሁት እዚህ፣ ዳሞታ ተራራ ከሚታይበት፣ እንሰት ከቤት ጀርባ ከሚበቅልበት ነው። ከዚህ ሲታይ ወንጂ ሌላ ከተማ ነው።

የወንጂ ታሪክ ከጃቫ ደሴት ይጀምራል ብል አትገረሙ። ኤች.ቪ.ኤ. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአምስተርዳም የንግድ ኩባንያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሀብቱን ያካበተው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በስኳር እርሻ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን ስታውጅ ለኩባንያው በዚያ የሚቆይበት ዘመን ማጠሩ ግልጽ ሆነ። አዲስ መሬት ፈለገ፤ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ከናዝሬት በስተደቡብ ያለውን ሜዳ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። በ1946 ዓ.ም. መጋቢት ወር የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በቀን 1,400 ኩንታል ያህል እንዲያመርት ታስቦ የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከጎኑ የሸዋ ፋብሪካ ተተከለ፤ ከዓመታትም በኋላ ያው ኩባንያ ወደ መተሐራ ተሻገረ። «ደስታ ከረሜላ» ያልላሰ የከተማ ልጅ አለ ወይ? እሱም የወንጂ ፍሬ ነው።

ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም። የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች በበጋ መንጋቸውን የሚያወርዱበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ነበር። አገዳው ሲተከል ከብቱ ወደ ደረቁ ምድር ተገፋ። ይህን ሳልጠቅስ ስለ አያቴ ድካም ብቻ ብናገር እውነቱን ጎደሎ አደርገዋለሁ፤ አያቴ የለፉበት መሬት ከሌላ ሰው የተወሰደ ነበርና።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ወላይታ በንጉሥ ጦና ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም.፣ በምኒልክ ጦር ከተያዘች ወዲህ መሬቱ በወታደርና በባላባት እጅ ገባ፤ ገበሬው ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። ሕዝቡ በራሱ ስም እንኳን አይጠራም ነበር፤ በዚያን ዘመን በመዝገብና በካርታ ላይ የሚጻፈውን ስም ዛሬ በአፌ አላነሣውም። በዚህ ላይ ምድራችን ጠባብ፣ ሰዋችን ብዙ ነው። እንሰት ሆድን ይሞላል፤ ግብር ግን በቆጮ አይከፈልም። ጥሬ ገንዘብ የሚገኝበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። እናም ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ ወጣቱ በጋ በመጣ ቁጥር ወደ አዋሽ ይወርድ ጀመር። የፋብሪካው ጥርስ የሚበላውን አገዳ ከሚያቀርቡት እጆች እጅግ ብዙዎቹ የእነዚህ ሦስት ሕዝቦች እጆች ነበሩ።

እንግሊዞች ስለ ኢንዱስትሪ ከተማቸው ስለ ማንቸስተር ሲያወሩ እንዲሁ ከጢስ መውጫው ሥር ይቆማሉ፤ ማሽኑን፣ ባለ ፋብሪካውን፣ ሸማኔውን ያነሣሉ። ጥጡ ግን የሚለቀመው ከውቅያኖስ ማዶ፣ በአሜሪካ ደቡብ፣ በባሪያ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥ መርከቡን ሲያስቀር የማንቸስተርና የአካባቢዋ መዘውሮች ቆሙ፤ ሠራተኛውም ተራበ። ከተማው ግማሽ አካሉ ሌላ አገር መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። ወላይታ ባሪያ ተብሎ ወደ ወንጂ አልሄደም፤ በፈቃዱ ሄደ፤ ዕዳና ግብር ፈቃድ የሚባሉ ከሆነ። የማነሣው ግን ስለዚያ ግማሽ አካል ነው።

አያቴ በ1955 ዓ.ም. ክረምቱ እንዳለፈ፣ ዕድሜያቸው ሃያ ሲሞላ፣ ከሰባት የሰፈር ልጆች ጋር ተነሡ። ከቦዲቲ በሾኔ፣ በሀላባ ቁሊቶ አድርገው እስከ ሻሸመኔ በእግር፤ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ፣ በዝዋይ፣ በመቂ፣ በሞጆ። ስንቃቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና በቀንድ የተያዘ ዳጣ ነበር። ዳጣው ዝዋይ ላይ አለቀ ይሉ ነበር፤ ከጉዞው ሁሉ አንደበታቸው ላይ የቀረው ይህ ነው። ሰባቱ እነማን እንደነበሩ ስጠይቃቸው የአራቱን ስም ያስታውሱ ነበር።

ሥራው አገዳ ቆረጣ ነው። ለማያውቅ ሰው ጥቂት ላብራራ። ወንጂ ላይ አገዳ ከተተከለ እስኪደርስ ዓመት ከመንፈቅ ያህልና ከዚያም በላይ ይቆያል። ሲደርስ ማሳው ይቃጠላል፤ ደረቁ ቅጠልና እባቡ ተጠርጎ እንዲቀር፤ ውሃ ያዘለው አገዳ ግን አይቃጠልም። እሳቱ ሲበርድ ቆራጩ ቆንጨራውን ይዞ ጥቀርሻው ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩ ይመታል፣ ጫፉን ይቀነጥሳል፣ ይከምራል። ስኳሩ የሚበዛው ከሥሩ በኩል በመሆኑ ጎንበስ ያላለ ቆራጭ ስኳር ይተዋል፤ ተቆጣጣሪውም ይህን ያውቃል። የተቆረጠ አገዳ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው ሌት ተቀን ይፈጫል። ጭማቂው በኖራ ይጣራል፣ ይፈላል፣ ይረጋል፤ የተጨመቀው ገለባ ምድጃው ውስጥ ገብቶ የሚቀጥለውን አገዳ ያፈላል። የሚባክን ነገር የለም። አያቴ ይህን ሲናገሩ ያደንቁ ነበር፦ «ፈረንጅ ገለባውን እንኳን ሥራ አይፈታውም።»

ማታ ላይ ሁሉም ሰው አንድ መልክ ነበር፤ ጥቁር። ከምባታው ከወላይታው፣ ሀዲያው ከኦሮሞው የሚለየው ታጥቦ ሲወጣ ነው። እንዴት ይነጋገሩ ነበር? በአማርኛ። አያቴ አማርኛን የተማሩት ከአማራ አይደለም፤ ከከምባታና ከሀዲያ አፍ፣ በአገዳ ማሳ ውስጥ ነው። ወንድና ሴት እየተደበላለቀባቸው፣ «እሱ» እና «እሷ» ቦታ እየተለዋወጡባቸው፣ የሚያስቀውን እያሳቁበት፣ ግን ከእንጀራ ጋር የሚያገናኛቸው ቋንቋ ነበር። አክስቴ ደግሞ በዚያ አማርኛ አፏን ፈታች። ዛሬ እዚህ የምትነብቡት የእኔ አማርኛ ከትምህርት ቤት በፊት ከአክስቴ ጉልበት ላይ የወረደ ነው። ሰዋስው አዋቂዎች ስሕተት ቢያገኙበት ምንጩ ሩቅ መሆኑን ይወቁልኝ።

መንደሩ ሁለት ነበር። የደቾቹ ቤት በዛፍ ጥላና በለመለመ ሣር የተከበበ፤ የሠራተኛው መንደር በማሳው መካከል የተሰደረ። አያቴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በጋ እየወረዱ በክረምት ይመለሱ ነበር፤ ፋብሪካው ለጥገና ሲዘጋ፣ ለጊፋታ። ጊፋታ የዘመን መለወጫችን ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል፤ ወላይታ የትም ቢሄድ ለጊፋታ ይመለሳል። ወንዶች ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ቆጥበው በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶች ለቅቤው ይቆጥባሉ። ከወንጂ የመጣ ሰው መዋጮውን በአንድ ጊዜ አውጥቶ ሲዘረጋ ጎረቤት ዝም ይል ነበር አሉ። አያቴ በአንደኛው ጊፋታ በጨርቅ የተቋጠረ ስኳር አምጥተው ቡና ላይ ቢጨምሩ፣ በጨውና በቅቤ የለመደችው እናታቸው «ቡናውን ገደልኸው» ብላ ደፋችው።

በአራተኛው ዓመት ቋሚ ሠራተኛ ሆኑ፤ ከቆረጣ ወደ መስኖ ተዛወሩ። አያቴን (ሴቲቱን) አግብተው ወሰዷት። ቋሚ መሆን ትልቅ ነገር ነበር፤ ወንጂ በኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ከቀደሙት ስሞች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት አበራ ገሙ ከዚያው ከወንጂ ሠራተኞች መካከል የወጡ ነበሩ። ሆኖም ማኅበሩ ጠንክሮ የሚያወራው ለፋብሪካውና ለቋሚው ሰው ነበር። በበጋ መጥቶ በክረምት የሚሄደውን ቆራጭ ማን ይቆጥረዋል? ያ ሰው ቅሬታውን ይዞ ቦዲቲ ይገባል፤ ቦዲቲ ደግሞ ማኅበር የለም።

ስለ ውሃው ልናገር። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። በዚያ ዐለት ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የተባለውን ማዕድን ያዘለ ይሆናል። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ የተለካው ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ነበር። ውሃው አይሸትም፣ አይደፈርስም። ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ እየተሠራ ያለ ሕፃን ይህን ውሃ ሲጠጣ፣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢፋቅ፣ ቢቦረሽ አይለቅም። ጥርሱ ቀድሞ የወጣለት አዋቂ ግን ፈገግታው አይነካም። እሱን የሚይዘው ከዓመታት በኋላ፣ አጥንቱ ላይ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በወንጂ ሸዋ ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እየደረቀ፣ አንገታቸው እየታሠረ፣ አንዳንዶቹም እስከ መሽመድመድ መድረሳቸውን ገልጸዋል። በእርሻው ፍሎራይድ የሚቀንሱ ማጣሪያዎች በተለያየ ጊዜ ተተክለዋል። ለአክስቴ ጥርስ አልደረሱም።

ይህን ያነበብሁት ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ለፈተና የማይጠየቅ ነገር እያገላበጥሁ። አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥሁ። አያቴ ታወሱኝ።

አያቴ አንገታቸውን አያዞሩም ነበር። ከኋላ ስንጠራቸው መላ ሰውነታቸው ይዞራል፤ ዱላቸው፣ ትከሻቸው፣ እግራቸው፣ ሁሉም ባንድነት፣ በዝግታ። እኛ ልጆቹ ይህን ክብር ነው ብለን አድገናል። ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚዞረው! በቤት ውስጥ እሳቸውን እየመሰልን እንጫወት ነበር፤ አንገታችንን አድርቀን፣ ጎረምሳ ሳለን ደግሞ የሰፈሩን ባለ ሥልጣን ለማስመሰል። ለቅሶ ቤት «ኩሩ ሰው» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ሲጠየቁ «አገዳው ነው» ይሉ ነበር፤ ሸክሙን ማለታቸው ነው። ሐኪም አላያቸውም። በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ገናዦቹ ጀርባቸውን በአጎበር አልጋው ላይ ለማቅናት ተቸገሩ። እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት ጠጥተውታል። የተመለሱት በመሬት አዋጁ ነው። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ጥር ወር በደርግ ተወረሰ፤ በየካቲት 25 መሬት ለአራሹ ታወጀ። አያቴ ሬዲዮኑን የሰሙት ማሳ ውስጥ ነው። ጭሰኛ ሆነው የሸሹት መሬት የእሳቸው ሊሆን ይችላል! በ1968 ዓ.ም. ለጊፋታ ቤተሰቡን ይዘው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወንጂ አልተመለሱም። ይዘው ከመጡት ዕቃ ዛሬ የቀረው አንድ ቆንጨራ ነው። የእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፤ የእንሰት ቅጠል ይቆረጥበታል። ስለቱ በመሳል ብዛት እንደ ጨረቃ ቀጥኗል።

አክስቴ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ወላይትኛ አታውቅም። ጥርሷን ያዩ ልጆች «ወንጂ» አሏት፤ እስከ ዛሬ እኩዮቿ በዚህ ስም ይጠሯታል። የሠርግ ጠያቂ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ልጅቷ ቡና ስታቀርብ አይተው፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። አክስቴ በኋላ አገባች፤ ወለደች፤ ነገዳም ቤት ሠራች። ግን ይህን ጉዳይ ስታወራ ድምፅዋ አይቀየርም፤ ይህ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ስለ እሷ ስንኝ ቋጥሬ ነበር፦

ስኳሩ ሲሟሟ በሻይ ብርጭቆ፣
ማን አየው ቆራጩን በጥቀርሻ ደርቆ?
ጣፈጠ አልኩና እኔም ጠጣሁና፣
አፏን ስትሸፍን አየኋት እንደገና።

ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ዛሬ ሳነበው ቤት መምታቱ እንጂ ሌላው አያረካኝም። አክስቴን ለማዘን ተጠቅሜባታለሁ፤ እሷ ግን በራሷ ላይ አታዝንም።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሥልጠና አዳማ ተልኬ ቅዳሜ ከሰዓት ወንጂ ወረድሁ። የአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ዘመን እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ አክትሟል፤ ሥራው በአቅራቢያ ወደተተከለው አዲስ ፋብሪካ ተዛውሯል። የድሮው የደቾች ሰፈር ዛፎች ግን አሁንም ግዙፍ ናቸው። ከመሄዴ በፊት አክስቴ አደራ ሰጥታኝ ነበር። የውሃ ቦኖው ያለበትን፣ በቦኖው አጠገብ ሴቶች ቁጭ የሚሉበትን ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ጀርባ የነበረውን ዛፍ ነገረችኝ። ኑሮዋን ሁሉ ያሳፈራትን ቦታ እንደ ገነት ነበር የምትገልጸው። ብዙ ጠየቅሁ። አንድ አዛውንት፣ ከንግግራቸው ከምባታ እንደሆኑ የገመትሁ፣ «ይኼ ይሆናል» ብለው አንድ ሥፍራ አሳዩኝ። ዛፉ የለም፤ ድንጋዩም ያው ይሁን ሌላ አላውቅም። ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። አዛውንቱ ሊሸኙኝ ዞሩ፤ አንገታቸው ሳይሆን መላ ሰውነታቸው ዞረ። ሰላምታዬን የት እንዳደረግሁት አላስታውስም።

ቦዲቲ ስመለስ አክስቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ድንጋዩን አገኘሁት አልኋት፤ ስለ ዛፉ ዋሸሁ። ደስ አላት።

«ውሃውንስ ቀመስኸው?» አለችኝ።

«አልቀመስሁም።»

«እንደዚያ የሚጣፍጥ ውሃ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም» አለች። ፊቴን አየችና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ ፈራህ እንዴ?»